ደንቡን የጻፈው ጠበቃ ነገ ለማን ይሠራል? ከኤፍ.ሲ.ሲ. ወደ ሕግ ድርጅትና ወደ ኢንዱስትሪ ማኅበር

ዳር ተመልካች (ውይይቱን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሕግ ተምረው የመጀመሪያ ሥራቸውን በፌዴራል መሥሪያ ቤት ለመጀመር የሚያስቡ ልጆቻችን በተደጋጋሚ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። መንግሥት ቤት ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ወደ ትልቅ የሕግ ድርጅት፣ ከዚያም ቀደም ሲል ይቆጣጠሩት ወደነበረው ኢንዱስትሪ ማኅበር መሻገር ነውር ነው ወይስ የሙያው የተለመደ እድገት? በደፈናው ከምንከራከር ማንም መዝገቡን ሊያየው የሚችል አንድ መንገድ ይዘን ብንነጋገር ይሻላል ብዬ የመገናኛውን ዘርፍ ተቆጣጣሪ፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽንን (ኤፍ.ሲ.ሲ.) መርጫለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአጂት ፓይን ጉዞ እንውሰድ። በ1997 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ተመርቀው ለአንድ የፌዴራል ዳኛ በረዳትነት ከሠሩ በኋላ በ1998 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር የፀረ ሞኖፖል ክፍል ገቡ፤ የያዙትም የቴሌኮም ጉዳዮችን ነበር። በ2001 ቬራይዘን ወደተባለው የስልክ ኩባንያ የሕግ ክፍል ሄዱ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ተመለሱና በሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሥር፣ ከዚያም በፍትሕ ሚኒስቴር በሕግ አማካሪነት ሠሩ። በ2007 ኤፍ.ሲ.ሲ. ገብተው እስከ ምክትል ዋና የሕግ አማካሪነት ደረሱ፤ በ2011 ጄነር ኤንድ ብሎክ የተባለው የሕግ ድርጅት ወሰዳቸው። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ኦባማ በሪፐብሊካኖች መቀመጫ ለኮሚሽነርነት አቀረቧቸው፤ ሴኔቱም በ2012 አጸደቀላቸው። ከ2017 እስከ ጃንዋሪ 2021 ሊቀ መንበር ሆነው መሩ። ሲወጡ የአንድ ኢንቨስትመንት ድርጅት ሸሪክ ሆኑ፤ በኤፕሪል 2025 ደግሞ ሲ.ቲ.አይ.ኤ. የሚባለውን የገመድ አልባ ስልክ ኩባንያዎች ማኅበር በፕሬዚዳንትነት ያዙ። ከእሳቸው በፊት ያንን ወንበር የያዙት ሜሬዲት ቤከርም የኤፍ.ሲ.ሲ. ኮሚሽነር ነበሩ። የኬብል ኩባንያዎቹን ማኅበር ኤን.ሲ.ቲ.ኤ.ን ከ2011 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የመሩት ማይክል ፓወል ደግሞ ከ2001 እስከ 2005 የኤፍ.ሲ.ሲ. ሊቀ መንበር ነበሩ። ሦስቱም በትምህርታቸው የሕግ ሰዎች ናቸው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሕገ ወጥ የሆነ ነገር የለም፤ ለዚህም ነው የመረጥሁት። የምጠይቀው ማኅበሩ በእነዚህ ሰዎች ደመወዝ የሚገዛው ምንድን ነው የሚለውን ነው። ብዙ ሰው «የሚያውቋቸውን ሰዎች ነው የሚሸጡት» ይላል። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም፤ ትውውቅ አስተዳደር ሲቀየር ይሟሟል። የማይሟሟው ደንብ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው፦ ረቂቁን መጀመሪያ የሚይዘው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ የትኛው ሐረግ ፍርድ ቤት ፊት እንደማይጸና፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት «ይቆይ» ለማለት አቅም ያለው አማካሪ ማን እንደሆነ። የአሜሪካ ሕግ ተመልሶ በሩን የሚያንኳኳውን ሰው ይከለክላል፤ ይህን እውቀት ግን አይነካውም። እኔ ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ የሚቃወም ካለ እሰማለሁ።

ጡረተኛው ጠበቃ

ወንድሜ፣ በፌዴራል መሥሪያ ቤት በጠበቃነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ስለሆንሁ በመጀመሪያ የሕጉን አሠራር ላስቀምጥ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይቀለናል።

ዋናው ድንጋጌ በአሜሪካ ሕግ ርዕስ 18 ቁጥር 207 ላይ ያለው ነው። የወንጀል ሕግ እንጂ የሥነ ምግባር ምክር እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። በውስጡ የተለያየ ርዝመት ያላቸው እገዳዎች አሉ። አንደኛው የዕድሜ ልክ ነው፤ ሠራተኛው በግሉና በጉልህ የተሳተፈበትን፣ ተለይተው የሚታወቁ ወገኖች ያሉበትን ጉዳይ ይዞ ሌላውን ወገን ወክሎ በመንግሥት ፊት ሊቀርብ አይችልም። ሁለተኛው የሁለት ዓመት ነው፤ ራሱ ባይሠራበትም በመጨረሻው የአገልግሎት ዓመቱ በኃላፊነቱ ሥር የነበረውን ተመሳሳይ ጉዳይ ይመለከታል። ሦስተኛው በከፍተኛ ደረጃ ላይ የነበሩትን የሚመለከት የአንድ ዓመት እገዳ ሲሆን የጉዳዩ ዓይነት ምንም ይሁን ምን ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ቀርበው ውሳኔ ለማስለወጥ እንዳይሞክሩ ይከለክላል።

አሁን «ተለይተው የሚታወቁ ወገኖች ያሉበት ጉዳይ» የሚለው ላይ ቆም እንበል፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነውና። የኩባንያ ውህደት፣ ፈቃድ፣ ክስ፣ ውል፣ የቅጣት ምርመራ እነዚህ ሁሉ ባለቤት ያላቸው ጉዳዮች ናቸው። ለኢንዱስትሪው በሙሉ የሚወጣ ጠቅላላ ደንብ ግን በዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በ2019 ኤፍ.ሲ.ሲ. የቲ ሞባይልንና የስፕሪንትን ውህደት ሲያጸድቅ ድምፅ የሰጠ ኮሚሽነር በዚያው የውህደት ጉዳይ ላይ ኩባንያውን ወክሎ መንግሥት ፊት መቅረብ ለዘለዓለም አይችልም። በዲሴምበር 2017 የኢንተርኔት ገለልተኝነትን ደንብ (አገልግሎት ሰጪዎች በመስመራቸው የሚያልፈውን ሁሉ ሳያበላልጡ እንዲያስተላልፉ የሚያስገድደውን) ለመሻር 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ስለተወሰነው ውሳኔ ግን የአንድ ዓመቱ እገዳ ካለፈ በኋላ እንደ ማንኛውም ዜጋ ገብቶ ሊከራከር ይችላል። አቶ ፓይ ከመሥሪያ ቤቱ የወጡት በ2021፣ ማኅበሩን የያዙት በ2025 ስለሆነ በጊዜ የተገደቡት እገዳዎች ሁሉ ቀድመው አልፈዋል።

እንግዲህ ይመልከቱ፤ አንድን ኩባንያ የሚመለከተው ውሳኔ ለዕድሜ ልክ ሲታሰር ኢንዱስትሪውን በሙሉ የሚመለከተውና በገንዘብም በሕዝብ ላይ በሚያደርሰው ውጤትም ብዙ እጥፍ የሚበልጠው ደንብ በዓመት ይፈታል። የሕጉ ምክንያት የሚገባኝ ነው፤ ደንብ እንደ ሕግ አውጪ ሥራ ይቆጠራል፣ በአንድ ዘርፍ ውስጥ ዕድሜውን የኖረ ጠበቃ የነካውን ደንብ ሁሉ ቢከለከል ሥራ አይኖረውም። ሆኖም ዳር ተመልካች ያሉት ክፍተት በእርግጥ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥር 207 በዋነኛነት የሚከለክለው መቅረብንና መነጋገርን ነው፤ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ለባልደረባ ደብዳቤ ማርቀቅን፣ ስልት መምከርን አይከለክልም። ጠበቆችን ግን የሙያው ደንብ ከዚህ በላይ ይይዛቸዋል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ያወጣው የአርአያ ደንብ ቁጥር 1.11 በመንግሥት ሳለ በግሉና በጉልህ በሠራበት ባለ ወገን ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደለት በቀር ደንበኛ መወከልን ጭራሽ ይከለክላል፤ ከጀርባም ቢሆን። የገባበት ድርጅትም ሰውየውን ከጉዳዩ ለይቶ ካላገለለውና ለመሥሪያ ቤቱ ካላሳወቀ ጉዳዩን መያዝ አይችልም። ነገር ግን ይህ ደንብ የሚሠራው ሰውየው ደንበኛ ሲወክል ነው። የማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲሾም በጠበቃነት ደንበኛ የሚወክል ሰው አይደለም፤ ከሕግ ድርጅት ወደ ማኅበር የሚደረገው ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው ይልቅ የላላ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአርሊንግተን

ሁለታችሁም ስለ ሕጉ ተናገራችሁ፤ ስለ ኪስ ማንም አላነሣም። በ2025 በተለመደው የፌዴራል ደመወዝ ሰሌዳ ላይ ያለ ሠራተኛ፣ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ጠበቃም ቢሆን፣ በዓመት ከ195,200 ዶላር በላይ ሊከፈለው አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት በትላልቆቹ የሕግ ድርጅቶች ከትምህርት ቤት ትናንት የወጣ ልጅ መነሻው 225,000 ዶላር ነበር፣ ጉርሻው ሳይታሰብ። የሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ዕዳ ተሸክሞ፣ በዚህ የቤት ዋጋ፣ ወላጆቹንም አገር ቤት ያሉትንም እየረዳ የሚኖር የእኛ ልጅ «ለምን ወጣህ?» ተብሎ ሊጠየቅ አይገባውም።

ዕዳውን ካነሣን አይቀር፣ በ2007 የወጣው የሕዝብ አገልግሎት የብድር ስረዛ ሕግ በሕዝብ አገልግሎት ሥራ ላይ ሆኖ 120 ወርኃዊ ክፍያ ለፈጸመ ሰው ቀሪውን ይሰርዛል። አሥር ዓመት ማለት ነው። ብዙ ጠበቃ ለአሥር ዓመት የሚጸናውና አሥራ አንደኛው ዓመት ላይ መልቀቂያ የሚያስገባው ለምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። መንግሥት ራሱ በሠራው ሕግ ጠበቃው በጣም ጠቃሚ በሆነበት ጊዜ ላይ በሩን ይከፍትለታል።

መዝገብ አገላባጭ

ስለ ኪስ የተባለውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ደመወዝ የሚያስረዳው ሰው ለምን እንደሚወጣ እንጂ መቼና ወደ የት እንደሚወጣ አይደለም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ከመውጣቱ በፊት ያሉት ወራት ናቸው።

የሜሬዲት ቤከርን ጉዳይ አስታውሱ። ኤፍ.ሲ.ሲ. የኬብል ኩባንያውን የኮምካስትንና የቴሌቪዥን ድርጅቱን የኤንቢሲ ዩኒቨርሳልን ውህደት በጃንዋሪ 2011 በ4 ለ 1 ድምፅ አጸደቀ፤ ከደጋፊዎቹ አንዷ ኮሚሽነር ቤከር ነበሩ። በሜይ ወር፣ አራት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ለዚያው ለተዋሐደው ኩባንያ የመንግሥት ጉዳዮች ከፍተኛ ኃላፊ ሆነው እንደሚሄዱ ተሰማ። እሳቸው ጉዳዩ በእጃቸው ሳለ ስለ ሥራ ያነጋገራቸው እንዳልነበረ ተናግረዋል፤ ይህንን የሚያስተባብል ማስረጃም አልቀረበም። ያም ሆኖ ሕዝቡ ያን ድምፅ ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን አየው፤ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ደግሞም ወደ ኤፍ.ሲ.ሲ. ተመልሰው ማግባባት (ሎቢ ማድረግ) ቢከለከሉም ኮንግረስን ማነጋገር ግን አልተከለከሉም ነበር፤ የአስፈጻሚው አካል ሰው የአንድ ዓመት እገዳው የሚይዘው ከገዛ መሥሪያ ቤቱ እንጂ ከምክር ቤቱ አይደለም። ኤፍ.ሲ.ሲ.ን የፈጠረው፣ በጀቱን የሚመድበው ደግሞ ኮንግረስ ነው።

ለእነዚህ ወራት ሕጉ ያስቀመጠው ቁጥር 208ን ነው፤ ከአንድ ድርጅት ጋር ስለ ሥራ የሚደራደር ሠራተኛ ያ ድርጅት የገንዘብ ጥቅም ባለበት ጉዳይ ላይ መሥራት አይችልም። በ2012 የወጣው ስቶክ አክት የሚባለው ሕግ ደግሞ ሀብታቸውን በይፋ የሚያስመዘግቡ ባለሥልጣናት ድርድር ከጀመሩ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለመሥሪያ ቤታቸው የሥነ ምግባር ኃላፊ እንዲያሳውቁ ያዝዛል። ይህ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ድርድር የሚጀምረው መቼ ነው? ሥራ ያልቀረበለት፣ ማመልከቻ ያላስገባ፣ ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የት መድረስ እንደሚፈልግ ልቡ የሚያውቅ ጠበቃ የሚያሳውቀው ነገር የለውም። ረቂቁ ላይ ግን እጁ አለ።

ከአርሊንግተን

በልብ ሐሳብ ሰው መክሰስ ከጀመርን ማንም አይተርፍም። ቶም ዊለር በ2013 የኤፍ.ሲ.ሲ. ሊቀ መንበር ሆነው ሲሾሙ የኬብሉንም የገመድ አልባውንም ማኅበር በተለያየ ጊዜ የመሩ፣ ዕድሜያቸውን በኢንዱስትሪው ተከራካሪነት ያሳለፉ ሰው ነበሩ (ጠበቃ አይደሉም፣ እሱን አውቃለሁ)። «ቀበሮ ለበግ ጠባቂ» ያላላቸው አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2015 ግን የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎችን እንደ ስልክ ኩባንያ የሚያስተዳድረውን ጠንካራ ደንብ፣ ያንኑ በኋላ በ2017 የተሻረውን፣ 3 ለ 2 አስወስነው የቀድሞ ወዳጆቻቸውን ፍርድ ቤት ድረስ አስሮጡ። የኢንዱስትሪውን ክርክር ሁሉ ከውስጥ ስለሚያውቁት ያታለላቸው አልነበረም። ስለዚህ መመላለሱን የምታወግዙ ሰዎች ይህንንም ቁጠሩት።

መዝገብ አገላባጭ

ቆጥሬዋለሁ። ዊለር ወደ መንግሥት ሲገቡ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠብቁት ቀጣሪ የሌላቸው ሰው ነበሩ። ዕድሜው ሠላሳ አምስት የሆነ ጠበቃ ሌላ ነው። የሚያሳስበኝ ከየት መጣ ሳይሆን ወደ የት ሊሄድ ነው የሚለው ነው።

የድሮ ሰልፈኛ

ይቅርታ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን እዚህ አገር ያለን ብዙ ኢትዮጵያውያን «ሎቢ» የሚባለውን ነገር ዋጋውን ከፍለን የተማርንበት ጊዜ ስለነበረ አንድ ነገር ልበል። ኤች.አር. 2003 የተባለው ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የሚደነግግ ረቂቅ በኦክቶበር 2007 በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ ከየከተማው ለእንደራሴዎቻችን ስንደውል፣ ስንጽፍ፣ ስንሰለፍ ቆይተን ስለነበር ጉዳዩ ያለቀ መስሎን ነበር። በሌላው ወገን የኢትዮጵያ መንግሥት የቀጠረው ዲ.ኤል.ኤ. ፓይፐር የተባለው የሕግ ድርጅት ነበር፤ ከሰዎቹም መካከል የቀድሞው የተወካዮች ምክር ቤት የአብላጫው መሪ ዲክ አርሚ ይገኙ ነበር። ረቂቁ ሴኔት ደርሶ እዚያው ቀረ። ለምን ቀረ ለሚለው ብዙ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል፤ አንድ ድርጅት ብቻውን ገደለው አልልም።

ልናገር የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዶች የድርጅቱን ሪፖርት አውጥተው ማንን እንዳነጋገረ፣ በየትኛው ቀን፣ ስለ ምን ጉዳይ እንደሆነ እየዘረዘሩ ያሳዩን ነበር። በ1938 የወጣው የውጭ መንግሥታት ወኪሎች ምዝገባ ሕግ፣ ፋራ የሚሉት፣ ያስገድዳቸዋልና። ለአገር ውስጥ ኩባንያ የሚያግባቡትስ እንዲሁ ይዘረዝራሉ?

ጡረተኛው ጠበቃ

አይዘረዝሩም፤ ጥያቄዎ ሁላችንም ከተናገርነው በላይ ነገሩን ያጠራዋል። በ1995ቱ የማግባባት ሥራ ግልጽነት ሕግ መሠረት የሚቀርበው የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚናገረው የገንዘቡን መጠን፣ ጉዳዩን፣ የአግባቢዎቹን ስምና «የተወካዮች ምክር ቤት፣ ሴኔት፣ ኤፍ.ሲ.ሲ.» የሚል የተቋም ስም ብቻ ነው። የትኛው እንደራሴ ወይም የትኛው ባለሥልጣን እንደተነጋገረ አይጻፍም። በ2007 በወጣው ማሻሻያ ምክንያት የተመዘገበው ሰው ባለፉት 20 ዓመታት በመንግሥት ውስጥ የያዛቸውን የተወሰኑ ኃላፊነቶች መግለጽ አለበት፤ ይህ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን ለአንድ ደንበኛ በሦስት ወር ውስጥ ከሚሠራው ጊዜ ከ20 በመቶ ያነሰውን ብቻ በማግባባት የሚያሳልፍ ሰው በሕጉ ትርጉም አግባቢ አይባልም፣ አይመዘገብምም። ስልቱን ነድፎ፣ ረቂቁን አርሞ፣ ሌላውን የሚልክ የቀድሞ ባለሥልጣን በዚህ ቀዳዳ በቀላሉ ያልፋል።

ኤፍ.ሲ.ሲ. ራሱ ግን ከሁሉም መሥሪያ ቤቶች የተሻለ ነገር አለው። በደንብ ረቂቅ ላይ ኮሚሽነርን ወይም ሠራተኛን ያነጋገረ ማንኛውም ሰው «ኤክስ ፓርቴ» የሚባል ማስታወቂያ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ማን እንደተገኘ፣ ምን እንደተባለ ተጽፎ በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ለሁሉም ይወጣል። ኮሚሽነሮቹ ድምፅ ከሚሰጡበት ስብሰባ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ በአጀንዳው ላይ ማነጋገር በመሠረቱ ይቆማል። እኔ ወጣት ጠበቆችን ስመክር ስለ አንድ የቀድሞ ባልደረባ ማንም የሚያወራውን ሐሜት ትታችሁ እነዚህን ማስታወቂያዎች አንብቡ እላቸዋለሁ። የትኛው አንቀጽ ከየትኛው ስብሰባ በኋላ እንደተለወጠ በዓይን ይታያል።

ዳር ተመልካች

እዚህ ላይ የጋሼን ሐሳብ ከራሴ ጋር ላገናኘው። የቴሌኮሙን ሕግ ታሪክ ብታዩ የተጠቀሱት ሰዎች እውቀት ለምን ውድ እንደሆነ ይገባችኋል። በ2002፣ በማይክል ፓወል ዘመን፣ ኮሚሽኑ የኬብል ኢንተርኔት «የመረጃ አገልግሎት» ነው ብሎ (ማለትም እንደ ስልክ ጥብቅ ቁጥጥር የማይደረግበት) መደበ፤ በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በብራንድ ኤክስ ጉዳይ 6 ለ 3 አጸናው። ያጸናው ትክክለኛው ትርጉም ይህ ነው ብሎ ሳይሆን ሕጉ አሻሚ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ የመረጠውን ምክንያታዊ ትርጉም እናከብራለን ብሎ ነበር። ስለዚህ በ2015 ዊለር ገለበጡት፣ በ2017 ፓይ መልሰው ገለበጡት፣ በኤፕሪል 2024 የባይደን ዘመን ኮሚሽን ሦስተኛ ጊዜ ገለበጠው። የሕጉ ቃል በነዚህ ዓመታት ሁሉ ያው ነበር። የሚለወጠው ረቂቁን የሚጽፉት ጠበቆች የሚሰጡት ማብራሪያ ነበር።

በጁን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሎፐር ብራይት ጉዳይ ይህን ለመሥሪያ ቤቶች የሚሰጠውን ከበሬታ አነሣው፤ በጃንዋሪ 2 ቀን 2025 ደግሞ የስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዚሁ ላይ ተመርኩዞ የ2024ቱን ደንብ ሻረው። ከሳሾቹ የኢንዱስትሪው ማኅበራት ነበሩ። ከዚህ በኋላ ኩባንያው የሚፈልገው ኮሚሽነሩን በስልክ የሚያገኝ ሰው ብቻ ሳይሆን የሕጉን ቃል ለዳኞች በሚጥም መንገድ የሚያነብለት፣ የመሥሪያ ቤቱ ማብራሪያ የቱ ጋ ደካማ እንደሆነ ከውስጥ የሚያውቅ ጠበቃ ነው። የመንግሥት ጠበቃ ዋጋ ከማግባባቱ ገበያ ወደ ሙግቱ ገበያ እየሄደ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ እዚያ ደግሞ የሩብ ዓመት ሪፖርትም ኤክስ ፓርቴም የለም።

ከአዲስ አበባ

ውይይታችሁን በፍላጎት እየተከታተልሁ ነው። እዚህም ዐቃቤ ሕግ ወይም የግብር መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያ ጥቂት ዓመታት ሠርቶ የጥብቅና ፈቃድ አውጥቶ ወደ ግል መውጣቱ የቆየ ልማድ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ግን ጠበቃው ብቻውን ስለሚሠራ የጥቅም ግጭቱም የራሱ ብቻ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ፈቀደ። ስለዚህ ጡረተኛው ጠበቃ ያነሡት፣ አንድ ሰው ከመንግሥት ይዞት የመጣው ግጭት ሸሪኮቹን ሁሉ ያስራል ወይስ እሱን ለይቶ ማግለል ይበቃል የሚለው ጥያቄ ለእኛም ከመጽሐፍ ወጥቶ የዕለት ሥራ እየሆነ ነው። ድርጅቶቻችን ትንንሾች ስለሆኑ አምስት ጠበቆች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው «እሱ ይህን ፋይል አያይም» ማለት ምን ያህል እንደሚያስኬድ እጠራጠራለሁ።

ጡረተኛው ጠበቃ

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። እዚህም ማግለል የሚታመነው ድርጅቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠበቆች ሲኖሩት፣ ፋይሉ በኮምፒውተር ሲቆለፍበት፣ ከዚያ ጉዳይ ከሚገኘው ክፍያም ተለይቶ ድርሻ እንደማይደርሰው በጽሑፍ ሲረጋገጥ ነው። ክፍያው ላይ ያለውን ቅድመ ሁኔታ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ለእኔ ከተቆለፈው ፋይል ይበልጣል።

ሁለተኛ ዓመቴ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጠበቃ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለሕዝብ አስተያየት በወጣ አንድ ረቂቅ ደንብ ላይ ከሚሠሩት አንዷ ነበርሁ፤ የኢኮኖሚ ማብራሪያውን ከፊል የጻፍሁት እኔ ነኝ። አሁን አንድ የሕግ ድርጅት ሊያነጋግረኝ ይፈልጋል። የድርጅቱ ደንበኞች ያንን ደንብ የሚቃወሙ እንደሆኑ ከአስተያየት ደብዳቤዎቹ አውቃለሁ። በእናንተ አባባል ደንብ ባለ ወገን ጉዳይ ስላልሆነ ነገ ሄጄ እሱኑ መቃወም እችላለሁ ማለት ነው? ይህ ትክክል ሆኖ አልታየኝም።

ጡረተኛው ጠበቃ

ልጄ፣ የተሰማሽ ነገር ተገቢ ነው፤ ሕጉ ግን ከስሜትሽ ይልቅ ይፈቅዳል። በደረጃሽ የአንድ ዓመቱ እገዳ አይመለከትሽም፤ እሱ ከፍተኛ ደመወዝ ላይ ያሉትን ነው የሚይዘው። ደንቡም በቁጥር 207 አያስርሽም፤ በሙያው ደንብ 1.11 ትርጉምም ባለ ወገን ጉዳይ አይደለም። የሚያስርሽ ምስጢሩ ነው። በቢሮ ውስጥ የተባለው፣ የተጣሉት አማራጮች፣ ኢኮኖሚስቱ «ይህ ቁጥር አይቆምም» ያለበት ኢሜይል፣ የፍትሕ ሚኒስቴር ጠበቆች የሰጡት ግምገማ፣ እነዚህ ሁሉ የመንግሥት ናቸው፤ መንግሥት ደንበኛሽ ነበርና ከወጣሽም በኋላ ግዴታው አይቋረጥም። አንቺ የጻፍሽውን ማብራሪያ ድክመቱን እያወቅሽ «ስለ እሱ ምንም ከውስጥ የማውቀውን አልጠቀምም» ብሎ መቃወም በተግባር እንዴት እንደሚቻል እኔ አላውቅም። ስለዚህ በዚያ ደንብ ላይ አልሠራም ብለሽ ከመጀመሪያው ተናገሪ። ጤነኛ ድርጅት ከሆነ ይህን አያስቀይመውም፤ የሚያስቀይመው ከሆነ ሊቀጥርሽ የፈለገው ለምን እንደሆነ ነግሮሻል።

አሠራሩን በተመለከተ፦ ከድርጅቱ ጋር ቁጭ ብለሽ ከመነጋገርሽ በፊት ወደ መሥሪያ ቤትሽ የሥነ ምግባር ኃላፊ ሂጂ። ደንበኞቻቸው በሚነኩበት ጉዳይ ላይ እጅሽን እንደምታነሺ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ኃላፊሽም ሥራውን ለሌላ ሰው ያስተላልፍ። ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ ከአገልግሎት በኋላ ምን እንደሚፈቀድልሽ የሚገልጽ የጽሑፍ ምክር ጠይቂ። በቃል የሚሰጠው ምክር በኋላ ማንንም አያድንም።

ከአርሊንግተን

እኅቴ፣ ብድርሽ ላይ ስንት ክፍያ ቀርቶሻል? ይህንንም ሳታሰዪ አትሂጂ።

ሁለተኛ ዓመቴ

ገና ብዙ ይቀረኛል። ለሥነ ምግባር ኃላፊዋ ዛሬ ጻፍሁ፤ በደንቡ የመጨረሻ ረቂቅ ላይ የነበረኝን ክፍልም ለባልደረባዬ እንዲሰጥ አለቃዬን ጠይቄአለሁ። ድርጅቱን ገና አላነጋገርሁትም። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ በአስተያየት ደብዳቤው ላይ የፈረመችው የድርጅቱ ጠበቃ ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ባለሁበት ክፍል ትሠራ እንደነበር አሁን አየሁ። ይህንንም ለኃላፊዋ ልንገራት ወይስ የእኔ ጉዳይ አይደለም?

መዝገብ አገላባጭ

ንገሪያት። እሷ የትኛውን ጉዳይ ይዛ እንደነበረ የሚያውቀው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ የሚፈትሸውም እሱ ይሁን።